ለጉብታዎቼ የወጣ ደቦ

ሰው ሲያዝንልህም እንዴት እንደሚያቃጥል ላጫውታችሁ። ብስክሌት አስተምራለሁ፤ ከተማሪዎቼ ጋር አንኮበር ቁልቁለቱ ላይ የመለማመጃ መንገድ ሠራን፤ ለጀማሪው ለስላሳ መንገድ፣ ለለመደው ደግሞ በብስክሌት የሚዘለሉ አምስት ጉብታዎች። ጉብታዎቹን አፈር ተሸክሜ፣ ውሃ አርከፍክፌ፣ ረግጬ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ወገቤ እስካሁን ልክ አልሆነም። ሳምንት እንኳ ሳንዘልባቸው፣ አንድ ጠዋት ተማሪዎቼን ይዤ ብደርስ አንድም ጉብታ የለ! ቦታው እንደ አውድማ ተደልድሏል። የመንደሩ ሰዎች አካፋና ዶማቸውን አጠገባቸው አድርገው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ሽማግሌው ጋሽ ተሰማ ብድግ አሉና፣ "እንኳን መጣህ ልጄ! አንዱ የማይረባ አፈሩን እዚህ ደፍቶ፣ ልጆቹ እዚያ ላይ በደረሱ ቁጥር እየተወረወሩ ሲፈጠፈጡ አንጀታችን አልችል አለ። በደቦ ወጥተን ደለደልንላችሁ" አሉኝ።

ልናገር አፌን ስከፍት፣ "በል እንግዲህ፣ ደቦው የወጣው ላንተ ነው። ጠላው የታለ?" አሉ። ደቦ የወጣለት ሰው ያጠጣል፤ ደንብ ነው። እርር ድብን እያልኩ ሄጄ ሁለት ጀሪካን ጠላ አስመጣሁ። ጋሽ ተሰማ ጣሳቸውን ይዘው ቆሙና እኔንም ተማሪዎቼንም መረቁን። ምርቃቱን ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ተኮሳተረ።

"ያንን አፈር በልጆች መንገድ ላይ የቆለለው ሰው፣ እጁ ይሰበር!"

"አሜን!" አለ መንደሩ በሙሉ።

ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

"አሜን" አልኩ።