የአብራሪው ፊርማ

የተዋጊ ጄት ሥዕል ጨርሼ፣ በጦርነት ጊዜ እንዲህ ያለ ጄት ያበሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንዲፈርሙበት ሽሮ ሜዳ ቤታቸው ይዤላቸው ሄድኩ። አብራሪው ራሱ የፈረመበትን ሥዕል ሰው ይወደዋል። አባባ መነጽራቸውን አጥልቀው ብዙ አዩት።

«ለምን አንድ ብቻ ሣልክ?» አሉኝ። «ለመጨረሻ ጊዜ ለውጊያ የወጣሁ ቀን ሁለት ጄት ሆነን ነው የተነሳነው።»

«ሌላኛውስ?»

«ጓደኛዬ ነበር የሚያበረው። ዓይኔ እያየ ተቃጠለ። አስከሬኑ ስላልተገኘ መቃብር እንኳን የለውም።»

እስክሪብቶዬን ተቀብለው ፈረሙ። ጠጋ ብዬ ሳነበው የጻፉት የጓደኛቸውን ስም ነው።

«አባባ፣ እኔ እኮ የእርስዎን ነበር የፈለግኩት።»

«የእኔማ ስሞት መቃብሬ ላይ ይጻፋል» አሉና እስክሪብቶውን መለሱልኝ።

ሥዕሉን ይዤ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሁለተኛውን ጄት ልጨምርበት ብሩሽ አነሳሁ። ሥዕሉ ግን አሁን የጓደኛቸው መቃብር ሆኗል፤ ብሩሹን መልሼ አስቀመጥኩት።