ጅብ ያደረግሁት ተኩላ

ቦሌ አውሮፕላን የምታጸዳው እህቴ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ረስቶት የወረደ መጽሐፍ አመጣችልኝ። መድበል ነው፤ ማለትም ጨረቃ ስትሞላ ተኩላ ስለሚሆን አንድ ሰው አሥር ደራሲዎች በየራሳቸው መንገድ የጻፏቸው አሥር አጫጭር ታሪኮች። አንዱ አውሬውን ንጉሥ ያደርገዋል፣ ሌላው ሙሽራ። ጉርድ ሾላ በሚገኘው የብረት ሠሪዎች ማኅበራችን ግቢ፣ በምሳ ሰዓት ለባልደረቦቼ እየተረጎምኩ አወራላቸው ነበር። የሚያርፍ አውሮፕላን ጥላ በላያችን ሲያልፍ ሁላችንም የታሪኩ ጫካ ውስጥ የገባን ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ተኩላን ማን ያውቀዋል ብዬ «ጅብ» አልኩት። «ጓድ ተርጓሚ፣ ቀጥል!» እያሉ ሳቁ።

ማረሻና ቢላ እየቀጠቀጡ ያረጁት ጋሽ ሞላ ብቻ አልሳቁም።

«እናቴን በአገራችን እንዲህ ይሏት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሸክላ ስለምትሠራ። የጎረቤት ልጅ በታመመ ቁጥር፣ ማታ ጅብ ሆና በላችው ይላሉ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ይቅርታ ጋሼ! መጽሐፉ እኮ ተኩላ ነው የሚለው፤ ጅብ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«ግድ የለም። ከአሥሩ ውስጥ አውሬው ራሱ የሚናገርበት የለም?»

ነበር። ደም ስለሌለበት ሰልችቶኝ የዘለልኩት ታሪክ ነው። ገጹን ፈልጌ አወጣሁና እየተንተባተብኩ «እኔ ተኩላው...» ብዬ ጀመርኩ።

ጋሽ ሞላ ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ጅብ በለው ልጄ» አሉ። «እስኪ እሱም ይናገር።»