ለባሕር ማዶው ሕግ ዋስ የሆኑት የሲስተር ወለተሐና ዘርአ ዳዊት ዜና ሕይወት

ሲስተር ወለተሐና ከአባታቸው ከመሪጌታ ዘርአ ዳዊት ኪዳነ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሠናይት ወልደተንሣኤ በ1968 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ዳዊት ደግመው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ብርሃን ጨርሰው፣ በነርስነት ከተመረቁ በኋላ በ1990 ዓ.ም. ቆላው አሊዩ አምባ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ፤ ቆላው አይስማማሽም ያሏቸውን ሁሉ ስቀው እያሳለፉ ሃያ ስምንት ዓመት እዚያው አገለገሉ። በ1992 ዓ.ም. ከመምህር ተስፋሚካኤል ብርሃነ መስቀል ጋር በቁርባን ተጋብተው ሔራንንና ቃለ አብን ወልደዋል።

በ2009 ዓ.ም. በአንድ የባሕር ማዶ አገር ርዳታ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ማገገሚያ ሲከፈት፣ ብዙ ድርጅት መጥቶ ሲሄድ ያዩት የቆላው እናቶች፣ መሐል ላይ ለሚቋረጥ ነገር ልጅ አዝለን የሦስት ሰዓት መንገድ አንጓዝም፣ ዋስ ጥሩልን አሉ። ያ መንግሥት በየዓመቱ ከገቢው የተወሰነ እጅ ለድኃ አገሮች እንዲሰጥ ሕግ እንደሚያስገድደው የሰሙት ሲስተር ወለተሐናም፣ በአገራችን ሥርዓት በሽማግሌ ፊት ቆመው፣ ደጃፉን በማያውቁት ምክር ቤት ለወጣ ሕግ ዋስ ሆኑ። የመሪጌታ ልጅ ናቸውና የተጻፈ ይፋቃል ብለው አላሰቡም። ወይዘሮ ኩብራ ዘይኑልአቢዲን በእናቶቹ ስም ዋስትናውን ተቀበሉ።

ባለፈው ዓመት ያ ግዴታ ተሰረዘ። ለእኛ ለማገገሚያው ሠራተኞች የተነገረን በሁለት መስመር ደብዳቤ ነው፤ ደንግጠን ቀረን፣ ድንጋጤው ዛሬም አልለቀቀንም። ለሕፃናቱ የሚሰጠው የለውዝ ምግብ በወሩ አለቀ። ሲስተር ወለተሐና ግን፣ ዋስ ይደበቃል ወይ እያሉ፣ አንኮበር ካለው ቤታቸው በሶ አስጭነው በየገበያው ቀን ወደ ቆላው ይወርዱና፣ ምን ያህል እንደከሱ ለማወቅ የሕፃናቱን ክንድ እየለኩ ይመዘግቡ ነበር፤ በሶው እንደማይበቃ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ደም ግፊታቸው በርትቶ ሳለ ዕረፉ ብንላቸው እምቢ ብለው፣ ትናንት መለኪያውን እንደ ያዙ ወድቀው፣ ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ኩብራ ዳገቱን ወጥተው፣ በአስከሬኑ ፊት ቆመው፣ አላህ ምስክራችን ነው፣ ከዋስትናሽ ፈትተንሻል ብለዋል። ሕጉን የሰረዙት ሰዎች ዋሳቸው ማን እንደነበሩ እንኳ አያውቁም።

ሲስተር ወለተሐና ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን ገብረአብን፣ በመዝገባቸው ላይም ሳይድኑ ሕክምናቸው የተቋረጠባቸውን አርባ አንድ ሕፃናት ትተው ሄደዋል። ቃሉን የማይሽር አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለሕፃናቱም እሱ ራሱ ዋስ ይሁን። አሜን።