ሰርገኛው ጆንያ

ጋሼ ዘመድኩን እህል በረንዳ ካለው መደብራቸው በላይ ያለችውን ክፍል ያከራዩት ለሁለት ወጣት ሠዓሊዎች ነው፤ ለሱሀይርና ለብሩክ። ወጣቶቹ ለአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጨመር ሥዕል እያዘጋጁ ነበር። ተጫዋቹ የባዕድ አገር እርሻ በሚያይበት ቦታ እህል በረንዳን እንዲያይ፣ ጆንያውን፣ ሚዛኑንና ጋሪውን በጥቃቅን ባለ ቀለም ካሬዎች ይሠራሉ። ሥራው የሚለቀቀው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የሠሪዎቹ ስም በሚሰፍርበት ገጽ ላይ ብሩክ ያሰፈረው የራሱን ስም ብቻ ነው።

ጋሼ ገብተው ከሱሀይር አጠገብ ተቀመጡ። ብሩክ ጀርባውን ሰጥቷቸው ስክሪኑ ላይ አቀርቅሯል።

«እንዴት አደርሽ፣ ሱሀይር ልጄ? እናትሽ ደኅና ናቸው? ... ዛሬ ዝናቡ ሥራ አስፈታን፤ የጭነት መኪናው ሁሉ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ ቆሟል አሉ። እኔም ትናንት በስልኬ የላካችሁልኝን ሥዕልና የስሞቹን ገጽ ሳይ አረፈድኩ። እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው? ... እጅግ ንጹሕ።

«ነጩን፣ ቀዩንና ሰርገኛውን ጤፍ በወረቀት እፍኝ እፍኝ አድርጌ የሰጠሁሽ ትዝ ይልሻል? ሁለት ሳምንት መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለሽ ቀለሙን ስታስተያዪ ከረምሽ። ሰርገኛው አሠቃየሽ። ነጭና ቀይ ፍሬ የተደባለቀበት ነውና አንዷን ካሬ ነጭ፣ ቀጣይዋን ቀይ እያደረግሽ ... ምን አደከመሽ? ብልህ ሰው እኮ አይደክምም። በሥዕል መሥሪያው ላይ የምትቀጠል አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች አሉ። ቀለም ትቀንሳለች፤ ብቻዋን የቆመች ካሬ ካየችም ጉድፍ ናት ብላ ትጠርጋለች። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። ሰርገኛው ነጭ ሆነልሽ። ቀዩም ነጭ ሆነልሽ። ሦስት ጆንያ ሙሉ ማኛ ... ምን ጎደለን?

«በዚህ በረንዳ ሠላሳ ዓመት ስቀመጥ፣ ሰርገኛን ማኛ ነው ብሎ ለመሸጥ የሞከረ ነጋዴ አይቻለሁ። ገዢው እፍኝ ዘግኖ፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያይና መልሶ ጆንያው ላይ ደፍቶት ይሄዳል። ምስኪኖቹ ለማመሳሰል ስንት ይለፉ ነበር መሰለሽ። ዛሬ ግን በአንድ ጣት ይቻላል።»

ብሩክ ሥዕሉን አጉልቶ አየ። ትናንት ያቺን ተቀጥላ ፕሮግራም የጫነው ለማጥራት ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ጆንያዎቹን መለስ ብሎ አላያቸውም። ሦስቱ መንትዮች መስለዋል።

«ይህን ያደረገውን ሰው ግን እንዳትቀየሚው፣ ልጄ። ስምሽን ያላሰፈረው በምቀኝነት ይመስልሻል? ... በፍጹም። ሊጠብቅሽ ነው። ነገ የበረንዳው ተሸካሚ ሁሉ በስልኩ ከፍቶ ሲስቅ፣ የሚሳቅበት ስም የእሱ ብቻ እንዲሆን ነው። እንዲህ ያለ ለባልደረባው ራሱን የሚሠዋ ሰው የት ይገኛል?»

ብሩክ የሱሀይርን የቀድሞ ፋይል ፈልጎ ከፈተ። ሰርገኛው እንዳለ ነበር፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ። ያንኑ መልሶ ሥራው ውስጥ አስገባ። ከዚያም የስሞቹን ገጽ ዘርግቶ፣ ከራሱ ስም በላይ ባለው ባዶ መስመር ላይ «ሱሀይር» ብሎ ጻፈ። ጋሼ ግን ወደ ኋላ አልዞሩምና አላዩም። ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«በይ ልውረድ፤ ዝናቡም አባራ መሰል። ያን ወዳጃችንን ሳልመርቅ ግን አልወጣም። እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት፤ እጁን ይባርክለት። ዕድሜውን ሙሉ፣ እሱ ለሰው ልፋት እንደተጠነቀቀው አድርጎ ለእሱ ልፋት የሚጠነቀቅለት ባልደረባ አያሳጣው ... አሚን በይ እንጂ፣ ሱሀይር፤ ለወዳጅ ሲመረቅ ዝም ይባላል?»