ከአጨዳ በኋላ የመጣ ኒያ

ስሙኝማ፣ ከሮቤ ወደ ጎባ መውጫ ትንሽ የስንዴ ማሳ አለችኝ። በቀደም የጎረቤቴን ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነር ድንበሩን አልፎ፣ ለዘር ብዬ የለየኋትን ጥግ ጠርጎ ከጎረቤቴ ስንዴ ጋር ቀላቀለብኝ። ሌላ ዓይነት የገባበት ስንዴ ደግሞ ዘር አይሆንም። ሹፌሩን ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኩት። «ሳላስበው ነው» አለ። ፖሊሱም «ሆን ብሎ ካላደረገው ወንጀል የለበትም፤ በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ አሰናበተን።

ሽማግሌዎቹ ፊት ስንቀርብ ከመካከላቸው አንዱ ሐጂ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አላህ የሚያየው ኒያን፣ ሰው በልቡ ያሰበውን ነው። የዚህ ልጅ ኒያ ክፉ አልነበረም፤ አፉ በይው» አሉኝ። ሁሉም አፌን ይጠብቃል። ደሜ ፈላ።

«ሐጂ፣ አይቆጡኝና፣ እኔ ስሰግድ ኒያዬን የማደርገው ሳልጀምር ነው፤ ሰግጄ ከጨረስኩ በኋላ አይደለም። እሱም ማሳዬ ሳይገባ በፊት ያሰበውን ይንገረኝ። ፖሊስ ሲያይ የመጣለትን ሐሳብ አልሰማም!»

ሐጂው ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «በል፣ መልስላት።»

ሹፌሩ አቀረቀረ። «ድንበሩን አይቼዋለሁ። ማሽኑን ማዞር ሰልችቶኝ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ቀድመው ያዘጋጁት የዕርቅ ወረቀት ግን «ሳያስበው» ይላል። ፈርሚ ብለው የሰጡኝን እስክሪብቶ መለስኩላቸው።

«‹ሰልችቶት› ብላችሁ ጻፉ፤ ያኔ እፈርማለሁ።»