አጋዘን ጠረናቸውን የማያገኘው የአቶ ገቢሳ ነገሪ ዜና ሕይወት

አቶ ገቢሳ ነገሪ ከአባታቸው ከአቶ ነገሪ ቱሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢፍቱ ዋቆ በ1947 ዓ.ም. በአርሲ ደጋ፣ በጋለማ ተራራ ግርጌ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አዲስ አበባ መጥተው ቂርቆስ ከሚኖሩት አጎታቸው ቤት እየኖሩ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ተራራው እየተመለሱ ከአባታቸው የአውሬ ዱካ መከተልን ለመዱ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሻረግ ማዕረግ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በካዛንቺስ ጎጆ ወጡ፤ ጃለኔንና ሃይለአብንም ወለዱ።

ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች እየመራ ወደ አርሲና ባሌ የሚወጣ አንድ ድርጅት በካዛንቺስ ቢሮ ሲከፍት፣ አቶ ገቢሳ በዱካ ፈላጊነት ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አገለገሉ። ስለ እርሳቸው የሚወራውን እዚህ የተሰበሰብን ሁሉ እናውቃለን። የደጋ አጋዘን እንኳን ጠረናቸውን አያገኘውም፣ ነፋስም ይታዘዝላቸዋል፣ ይህም ከአያቶቻቸው የወረሱት ጸጋ ነው ይባል ነበር፤ እርሳቸውም ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ነበር። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የበኩር ልጃቸው ጃለኔ ናት፤ በሰው ፊት መናገር ስለማትደፍር አጎቷ አቶ ወልደአረጋይ እንዲያነቡላት ለምናለች። ጸጋ የተባለው ነገር እንዴት እንደመጣ የምታውቀውም እርሷ ብቻ ነበረች።

ወይዘሮ የሻረግ ካዛንቺስ ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ ባለችው ሱቃቸው በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ እያዘጋጁ ይሸጡ ስለነበር፣ ሽታው ከቤቱ ግድግዳ አልፎ በአቶ ገቢሳ ጃኬትና ፀጉር ውስጥ ሰርጎ ነበር። በ1998 ዓ.ም. በአንድ የአደን ወቅት አጋዘኖቹ ደጋግመው ነፋሱን እያሸተቱ ሲያመልጡ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «አንተ ገቢሳ፣ ዛሬ ደግሞ ዱለት ሆነህ መጣህ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ጀመር፤ አለቃቸው ግን ሳይቀልድ፣ ይህ ከቀጠለ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ነገራቸው። አቶ ገቢሳ ይህን ለባለቤታቸው አልነገሩም። ሰንጋ ተራ በተከራየችው ክፍል ወደምትኖረው፣ ያኔ አዲስ የኬሚስትሪ መምህርት ወደነበረችው ወደ ጃለኔ ሄደው፣ «ጃሌ፣ ሽታ የሚያጠፋ ነገር ታውቂያለሽ? ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ከነገርሻት ነገውኑ ሱቁን ትዘጋለች፣ ሃይለአብ ደግሞ ገና ተማሪ ነው» አሏት።

ጃለኔም አፍልታ ያቀዘቀዘችው ውሃ ላይ ከፋርማሲ የገዛችውን የቁስል ማጠቢያ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ቤኪንግ ሶዳና ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ጨምራ ቀላቀለችላቸው። መጀመሪያ ላይ ሳታስተውል ጀሪካኑን አጥብቃ ስለዘጋችው፣ ድብልቁ ውስጥ ለውስጥ አረፋ እያወጣ አብጦ አሰላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ክዳኑን ወርውሮ ከአጠገባቸው የተቀመጡትን ቄስ አራሰ፤ አቶ ገቢሳም «አባቴ፣ ቢያንስ አይሸትም» ብለው ይቅርታ መጠየቃቸውን ለጃለኔ እየሳቁ ይነግሯት ነበር። ከዚያ በኋላ አረፋው እስኪሰክን ሳይከደን ያድር ጀመር። የአደን ልብሳቸው በዚያ ውሃ እየታጠበ ጃለኔ ክፍል ይሰቀላል፤ እርሳቸውም እዚያው ገላቸውን ታጥበው ለብሰው ይወጣሉ። አንድም አጋዘን በእርሳቸው ጠረን አልሸሸም።

ነገር ግን ውሃው ብቻውን አይበቃም ነበር። ከጉዞ በፊት ባሉት ቀናት አቶ ገቢሳ የባለቤታቸውን ወጥ አይቀምሱም፣ መኝታቸውን ለይተው ሳሎን ያድራሉ፣ ሲሄዱም ከበር ላይ እጅ ነስተው እንጂ ስመው አይሰናበቱም ነበር። ጎረቤትም ይህን አይቶ «የሻረግ፣ ባልሽ ሰንጋ ተራ ሌላ ቤት አለው አሉ» ማለት ጀመረ። ወይዘሮ የሻረግ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጃለኔ እየሰማች፣ «ጠረኔ አስጠላህ?» ብለው ጠየቋቸው። አቶ ገቢሳ አቀርቅረው ወደ ሳሎን መኝታቸው ሄዱ። ጃለኔም የምታውቀውን አልተናገረችም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ጃለኔ እውነቱን ለእናቷ እንዲነግሩ ብትወተውታቸውም፣ «አሁንማ ከየት ብዬ እጀምራለሁ» እያሉ ሲያራዝሙት ዓመታት አለፉ፤ ሰፈሩም ለልማት ተነስቶ ቤተሰቡ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባ። አቶ ገቢሳ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ወይዘሮ የሻረግ እዚያው ጎተራ ከከፈቱት የበርበሬ ሱቅ ገብተው ልብስ ልቀይር ባሉ ቁጥር «ተይው፣ እንዲሁ ነይ» እያሉ አጠገባቸው ያስቀምጧቸው ነበር። በመጨረሻም ጃለኔን ጠርተው፣ «ከኔ በኋላ ንገሪያት። ሰው ሁሉ እየሰማ ንገሪያት፤ የታማችው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው» ብለው አደራ ሰጧት። እነሆ፣ ሰንጋ ተራ የነበረው ሌላ ቤት የልጃቸው ክፍል ነበር፤ በውስጡም ከአንድ ባልዲና ከተሰቀለ ልብስ በቀር ማንም አልነበረም።

አቶ ገቢሳ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ንጋት ላይ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሻረግ ማዕረግን፣ ልጆቻቸውን ጃለኔንና ሃይለአብን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም አብረዋቸው ተራራ የወጡ ወዳጆቻቸውን ትተውልናል። ቸሩ አምላክ የአቶ ገቢሳን ነፍስ በወዳጆቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለወይዘሮ የሻረግም ዛሬ የሰሙትን የሚያምን ልብ ይስጣቸው። አሜን።