የይበልጣል ቢላና የማኅበሩ ዳቦ

«እማ፣ መብራት እስኪመጣ ትንሽ ታራግቢልኛለሽ?» አለኝ ልጄ ይበልጣል። በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ልጅ እናቱን የሚጠይቀው እንጀራ ነው፣ ምርቃት ነው፣ ቢበዛ ሚስት ፈልጊልኝ ነው። የኔው ግን ኮሌጅ የጨረሰ፣ ቢሮ በሚሽከረከር ወንበር ላይ የሚውል የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሥራ መልስ ሸሚዙን አውልቆ፣ ጓሮዬን ቆፍሮ፣ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ከጋራዥ ያመጣውን የመኪና ባሌስትራ እሳት ውስጥ ቀብሮ፣ አራግቢልኝ ይለኛል። ታዲያ እስከዚያ ድረስ በምን ሲያናፋው ነበር አትሉኝም? እህቱ ስታገባ ጥላው በሄደችው የፀጉር ማድረቂያ! አዎ፣ በፀጉር ማድረቂያ። እኔማ ብረቱን ሹሩባ ሊሠራው መስሎኝ ነበር።

«ምን ልትሠራ ነው?» አልሁት።

«ቢላ።»

«ቢላ ገበያ ላይ ጠፋ እንዴ?»

«በገዛ እጅ መሥራት ሌላ ነው እማ። ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ ሲሠራ አይቼ ነው።»

እሰይ! አገሩ ሁሉ ቀጥቃጭ ሞልቶ ልጄ ቢላ መሥራት የሚማረው ስልክ ውስጥ ካለ ፈረንጅ። ታዲያ ማራገቢያዬን አንሥቼ ቁጭ አልሁ። ለምን ቁጭ አልሽ ካላችሁኝ፣ አባቱ ካረፈ ወዲህ በእኔና በእሱ መካከል የቀረው ጨዋታ «በላህ?» «በላሁ» ብቻ ነበር። ከዚያ እሱ ስልኩ ላይ ያጎነብሳል፣ እኔም መቁጠሪያዬን አነሣለሁ። እና አራግቢልኝ ሲለኝ፣ እሳቱ ይቅርና ጓሮውን ቢያቃጥለውም አናገረኝ ብዬ ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያውን ቢላ ብታዩት! አገላብጬ አየሁትና «ይበልጣል፣ ይኼ ቢላ ነው ማንኪያ?» አልሁት። «ገና ነው እማ፣ ቅርጹ ይመጣል» አለኝ። «እንግዲያው ሲመጣ ጥራኝ» አልሁት። ሁለተኛውን ደግሞ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረው፣ ጧ! ብሎ ተሰነጠቀ። «ፈረንጁ እንዲህ አይሆንም ብሎ ነበር» አለ። «ፈረንጁ የጣናን ውኃ አያውቀውማ» አልሁት። እና ሳቅን። ሁለታችን አብረን ስንስቅ ቤቱ ራሱ የደነገጠ መሰለኝ።

ታዲያ መብራቱ እንደ ልማዱ ሲመጣ ሲሄድ፣ አንድ የገበያ ቀን አንበሳሜ ከተማ ሄደን ከአንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አሮጌ ወናፍ ገዛን። የፍየል ቆዳ ነው፣ ሁለት ከረጢት፣ በቀኝ በግራ እያፈራረቁ ሲጫኑት እሳቱን ይነፋል። ሽማግሌው ልጄን ከራስ እስከ እግር ጥፍሩ አዩትና «የሚያናፋው ማነው?» አሉ። «እናቴ ናት» አለ፣ ሳያፍር። «ይሁን። ብረቱን በውኃ ሳይሆን በዘይት አቀዝቅዘው፣ እሷም አትቸኩል» አሉን።

አትቸኩል የምትለዋን ይዤ ተመለስሁ። እኔ ደግሞ ሳልቸኩል የማውቀው ነገር ቢኖር ጸሎት ነው። እና ለጭሱ ብለን የግቢውን በር እንዘጋና፣ ቀኝ ስጫን አንድ ቃል፣ ግራ ስጫን አንድ ቃል፣ የዘወትር ጸሎቴን ስጨርስ ብረቱ የበሰለ በርበሬ መስሎ ይቆየኛል። ይበልጣልም ቀስ በቀስ ስልኩን ኪሱ ከተተና «አሜን ስትዪ ንገሪኝ» ይለኝ ጀመር። «አሜን!» ስል ብድግ ያደርገዋል፣ ይቀጠቅጠዋል። እያረፍን ደግሞ ስለ አባቱ ያጫውተኛል፣ ስለ ቢሮው ያጫውተኛል፤ አለቃው እንዴት እንደሚያስል ሳይቀር አስመስሎ ያሳየኛል።

ይኼን ሁሉ አጥር ማዶ ሆና የምትሰማን የሻረግ ናት። የሻረግ ጎረቤቴ ናት፣ በየወሩ በየተራ በየቤታችን የምንጠጣት የእመቤታችን ማኅበር ላይም አብረን ነን። ጆሮዋን እግዜር አልነፈጋትም። እና እሷ የሰማችው ጭስና የመዶሻ ድምፅ፣ በመሀሉም የአንዲት አሮጊት ማነብነብ ነው። ታዲያ ሰፈሩን ዞራ ምን ብታወራ ጥሩ ነው? «አስማት እያነበነበችበት ነው! ልጇም ቡዳ ሆኗል፣ ማታ ማታ ጅብ እየሆነ ሐይቁ ዳር ይዞራል!»

ጅብ! እናንተ ይበልጣልን ታውቁት የለ? ጠዋት ለሥራ የሚነሣው ብርድ ልብሱን ገፍፌ፣ ውኃ እደፋብሃለሁ ብዬ አስፈራርቼ ነው። እንኳን ማታ ጅብ ሊሆን፣ ቀን ሰው የሚሆነውም በእኔ ግፊት ነው። ግን ወሬ ወሬ ነው፤ እናቶች በእኛ በር ሲያልፉ የሕፃናታቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ልጄም አየ።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የሻረግ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እታለም፣ እኔ ላንቺው አዝኜ ነው» አለችኝ። «ተራሽ ደርሷል። ሴቶቹ ግን ቀጥቃጭ ቤት አንበላም እያሉ ነው። ወይ ወናፉን ጣይው፣ ወይ ከማኅበሩ ውጪልን።»

«ሴቶቹ እነማን ናቸው?»

«እ... ሁሉም።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ምን ቸገረኝ! የሰው ነገር ነው እንጂ።»

አያችሁ? እሷ የለችበትም። ታዲያ ምን ላድርግ? ማኅበሯን ከእናቴ ነው የወረስኋት፤ ሕመሜንም ሐዘኔንም ያሳለፍሁት በእሷ ነው። ወናፉን ብጥል ደግሞ ወደ «በላህ?» «በላሁ» መመለሴ ነው። ለይበልጣል ነገርሁት። መዶሻውን አስቀመጠና «እተወዋለሁ እማ። ቢላ እንደሆነ ገበያ ላይ አለ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የተናደድሁት። «ተው ያለህ ማነው? ይልቅ ለማኅበሩ ዳቦ የሚሆን ረዘም ያለ ቢላ ሥራልኝ!» አልሁት። ሠራነው። እጀታውን ከዋንዛ እንጨት ጠረበለት። ቅርጹም፣ እግዜር ይመስገን፣ መጣ።

የማኅበሩ ቀን ሴቶቹ መጡ፤ ይበላሉ አይበሉም ለማየት የመጣችም አለች መቼም። የንስሐ አባታችን ቄስ አደራጀው መጡ። ጸሎት ተደረሰ፣ ድፎ ዳቦው ቀረበ፣ እኔም የልጄን ቢላ አጠገቡ አኖርሁ። ይኼኔ የሻረግ ከነጠላዋ ሥር ሌላ ቢላ ሳብ አደረገችና «እንዳትቸገሪ ብዬ ይዤልሽ መጣሁ» አለችኝ። ደግነት ማለት ይኼ ነው!

«ይኼንንስ ማን ሠራው የሻረግ?» አልኋት።

«እኔ ምን አውቄ! ከገበያ ነው።»

«እውነትሽን ነው፣ ገበያ ላይ ከዛፍ ነው የሚለቀም» አልሁ። አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ቄሱ ሁለቱን ቢላ አዩና በክርስትና ስሜ ጠርተው «በየትኛው ልቁረጥ፣ ወለተ ማርያም?» አሉኝ። በየሻረግ ቢላ ይቁረጡ ብል ሁሉም ይበላል፣ ማኅበሬም አትቀርብኝም። ወደ ልጄ ዞር አልሁ። የጠላውን ጆግ እንደያዘ በር ላይ ቆሟል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል፤ ልክ «በላህ?» ስለው እንደሚሆነው።

«በልጄ ይቁረጡልኝ አባታችን» አልሁ። «የማይበላ ሰው ቢኖር አልቀየምም። ጠላው በቢላ አልተቆረጠም፣ እሱን ይጠጣል።»

ቄሱ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከር አደረጉና «ታነበንባለች ሲሉ ሰማሁ፤ እየጸለይሽ ነው የምታናፊ?» አሉኝ።

«አዎ አባታችን። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

«እንግዲያው ይኼ ብረት ከብዙዎቻችሁ ይልቅ ጸሎት ሰምቷል» አሉና ዳቦውን ከመሀሉ ሰነጠቁት። እሳቸው ቀመሱ፣ ሳቋን ያፈነችው በላች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። የሻረግስ? የሻረግማ ድርሻዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና «ለልጆቹ እወስደዋለሁ» አለች። ራሷ የፈራችውን ዳቦ ለልጆቿ! እናት እንዲህ ናት እንጂ። እና ከዚያ ተጣድፋ ስትወጣ ቢላዋን ረስታ ሄደች።

በማግሥቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ይበልጣል ሳልገፍፈው ተነሥቶ ከሰሉን አቀጣጥሎ አገኘሁት። የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፈትሁና ወናፉን ወደ መንገዱ አዞርሁት።

«እማ፣ ሰው ያየናል እኮ!»

«ይየና! ሰፈሩ ጅብ በፀሐይ ሲሠራ አይቶ አያውቅም።»

ብዙም ሳይቆይ የሻረግ መጣች። ከበሩ ውጭ ቆማ «እታለም፣ ቢላዬን ረስቼ...» አለች።

«እኛ አልረሳነውም። ጫፉ ተጣሞ አገኘነውና ልጁ እያቃናልሽ ነው። ግቢና እዚህች የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጪ» አልኋት።

ቀኝ አየች፣ ግራ አየች፣ መንገዱ ሰው በሰው ነው፣ ቢላዋ እሳት ውስጥ ነው። ገባችና ከዱካው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ብዙ ይቆያል?» አለችኝ።

«አይቆይም፣ አሜን እስክል ነው» አልሁና ወናፉን ያዝሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ ልጆቼ፣ ያን ጠዋት ጸሎቴን አስረዘምሁት።